ለክቡር «ግን»፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሥራ ቦታ ዝውውር እንዲቀበሉ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፤ በደብዳቤ ወግ «ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነኝ» ብዬ መጀመር ይገባኝ ነበር፤ ከአጠገቤ ርቀው አንድ ቀን እንኳ ውለው ስለማያውቁ ለመናፈቅ ጊዜ አልሰጡኝም። ጠዋት ከዜናው ጋር ይመጣሉ፣ ቀትር ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል ይቀመጣሉ፣ ምርጫ በተቃረበ ሰሞን ደግሞ ከአንድ ተወዳዳሪ አፍ በአንድ ምሽት ሦስት አራት ጊዜ ይወጣሉ። ሁለት ፊደል ብቻ ይዞ ይህን ያህል ሥራ የሚሸከም ሌላ ቃል አላውቅም። ስለዚህ በቀጥታ ልጽፍልዎ ወሰንሁ። ሌሎች ሲጠሩዎ ከምጠቅሰው በቀር በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የእርስዎንም ሆነ የዘመዶችዎን፣ የ«ነገር ግን»ንና የ«ይሁን እንጂ»ን፣ እርዳታ ላለመጠየቅ ቃል እገባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በደንብ የተዋወቅነው በመሥሪያ ቤታችን የዕረፍት ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ከአፍ እስከ ገደፏ ሰው የሞላባት ጀልባ ያሳያል። ባልደረባዬ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ «አይ ምስኪኖች!» አለ፤ ቀጥሎም «እኔ እንኳ በስደተኛ ላይ ምንም የለኝም» አለና ትንሽ አየር ሳበ። ያቺን ትንፋሽ ዛሬ ከሩቅ እለያታለሁ፤ እርስዎ ጫማዎን አራግፈው ሊገቡ ሲሉ የምትሰማ ናት። «ግን አገሩን እኮ ሞሉት፤ ሥራውን ሁሉ ወሰዱት፤ ደግሞ ሥራ አይወዱም» ብሎ ጨረሰ። ሥራ የማይወድ ሰው ሥራውን ሁሉ እንዴት ሊወስድ እንደቻለ ልጠይቀው ስል በሩ ተከፈተና ብርጭቆ የሚሰበስበው የጽዳት ሠራተኛ ገባ። ባልደረባዬ ደንገጥ አለ፤ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ የውሸት ባልሆነ ፈገግታ፣ «አንተን ማለቴ አይደለም፤ አንተ ግን ትለያለህ» አለው፤ በስሙም ጠራው። ሰውየው አመስግኖ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ደረደረ፤ የባልደረባዬን ያነሣው ከሁሉም በኋላ ነው። ደረቱ ላይ የተሰካው፣ ባልደረባዬም በፍቅር የጠራው ስም የእሱ አይደለም፤ የመኖሪያ ወረቀት ያለው የአንድ ዘመዱ ስም ነው።

ብልሃትዎን የተረዳሁት ያን ዕለት ነው። በአንድ የዕረፍት ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጠሩ፤ በመጀመሪያው በሩን በብዙ ሺህ ሰው ላይ ዘጉ፣ በሁለተኛው ለአንድ ሰው ብቻ ገርበብ አደረጉት፤ ባልደረባዬም ሁለቱንም ጊዜ ደግ ሰው ሆኖ ወጣ። የሚያውቀው ስደተኛ አንድ ብቻ ነው፤ ያም አንዱ የተለየ ሆኖ ተገኘ። አሥር ቢያውቅ ኖሮ አሥር የተለዩ ሰዎች ያገኝ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ያኔም ስለማያውቃቸው ስለቀሩት የሚናገረውን እርስዎ ባላስቀሩበት።

«ሞሉት» ስለሚለው ቃል ትንሽ ልቆይ፤ እርስዎን ተከትሎ በመግባት የሚስተካከለው የለምና። የተባበሩት መንግሥታት እንደሚገምተው በ2024 ከተወለዱበት አገር ውጭ የሚኖሩ ሰዎች 304 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ይህም ከዓለም ሕዝብ 3.7 በመቶ ነው። ቁጥሩ በጀልባ የመጣውንም፣ በአውሮፕላን መጥቶ ባንክ የሚመራውንም፣ ተምሮ የቀረውንም፣ አግብቶ የሄደውንም አንድ ላይ የያዘ ነው። ከአገራቸው ሸሽተው ድንበር ከተሻገሩት ስደተኞች ደግሞ ከ10 ሰባት ያህሉ የተጠለሉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንጂ «ሞሉብን» ሲባል በምንሰማባቸው አዳራሾች አካባቢ አይደለም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ይፋ ባደረጉት ጥናት በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በጣሊያን፣ በስዊድን፣ በብሪታንያና በአሜሪካ የሚኖሩ ሰዎችን «ከመቶው ሕዝብ ስንቱ ስደተኛ ይመስላችኋል?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጣሊያን ውስጥ የተሰጠው ግምት በአማካይ 26 በመቶ ሲሆን እውነቱ 10 ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ በሕግ የገቡት 10 በመቶ ሆነው ሳለ ግምቱ 36 ደረሰ። መጤዎቹም ከሆኑት በላይ ድኾችና ያልተማሩ ተደርገው ተገመቱ። ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነው፤ ስለ ስደተኛ አስቀድሞ እንዲያስብ የተደረገ ሰው፣ ቀጥሎ ድኾችን ስለ መደገፍ ሲጠየቅ፣ ለገዛ ወገኑም እጁ አጠረ። ክቡርነትዎ ከባዕድ ጀምረው ወደ ጎረቤት እንደሚዛመቱ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልሻም።

ይህን ያነበበ ሰው «እኔ የምቃወመው ሕገ ወጦቹን ብቻ ነው» ይለኛል። ይሁን። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 31 ላይ፣ ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ከወደቀበት አገር በቀጥታ የመጣ ስደተኛ፣ ሳይዘገይ ለባለሥልጣናት ራሱን ካቀረበና በቂ ምክንያት ካሳየ፣ ያለ ፈቃድ በመግባቱ አይቀጣም ይላል። ጽሑፉን ያረቀቁት ሰዎች ከአሳዳጁ የሚሸሽ ሰው ቪዛ ለማስመታት ወደ አሳዳጁ ቢሮ እንደማይመለስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተምረው ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1975 ያለ ፈቃድ ገብተው የሚሠሩ ስደተኞችን «ሰነድ የሌላቸው» ወይም «መደበኛ ባልሆነ መንገድ የመጡ» ብሎ መጥራት እንደሚሻል አሳስቧል፤ የዜና ወኪሉ አሶሼትድ ፕሬስም በ2013 ሕገ ወጥ የሚባለው ድርጊት እንጂ ሰው አይደለም ብሎ «ሕገ ወጥ ስደተኛ» የሚለውን አጠራር ከጽሑፍ መመሪያው አውጥቷል። ባልደረባዬ ስለ ሰውየው ኬዝ ምንም አያውቅም፤ «ሕገ ወጥ» የሚለውን ፍርድ የሚሰጠው ዳኛው ፋይሉን ከመክፈቱ በፊት ነው።

«ለምን እንደ ሰው ወረፋ አይጠብቁም?» የሚለውም ጥያቄ እርስዎን ተደግፎ የሚሄድ ነው። ወረፋው የት እንደሆነ የሚያሳየኝ ባገኝ ደስ ባለኝ። ጥገኝነት የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ የአገሩ መሬት ላይ ከተደረሰ በኋላ ነው፤ መሬቱ ላይ ለመድረስ ቪዛ ያስፈልጋል፤ «ጥገኝነት ልጠይቅ ነው» ላለ ሰው ደግሞ የጎብኚ ቪዛ አይሰጥም። ቪዛ የሌለውን ያሳፈረ አየር መንገድ ይቀጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው የድንበር ጠባቂ ሽጉጥ የታጠቀ ወታደር ሳይሆን ሻንጣ የምትመዝን ፈገግተኛ ሠራተኛ ናት። በአውሮፕላን ጥቂት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ለደላላ፣ ለበረሃና ለባሕር የተላለፈው በዚህ አኳኋን ነው። በአንጻሩ በቪዛ በሥርዓት ገብተው ቀናቸው ያለፈባቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ እነርሱን የሚያሳይ ጀልባ ስለሌለ ቴሌቪዥኑ አይሰለፍላቸውም፣ ባልደረባዬም መነጽሩን አያወልቅላቸውም።

ከሥራዎችዎ ሁሉ ያልረሳሁት አንዱ የላምፔዱዛው ነው። ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ከሊቢያ የተነሣች፣ አብዛኞቹ ተሳፋሪዎቿ ኤርትራውያን የሆኑባት ጀልባ የጣሊያኗ ደሴት አጠገብ በእሳት ተያይዛ ተገለበጠችና 368 ሰዎች ሞቱ። በማግሥቱ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንሪኮ ሌታ የሞቱት ሰዎች ከዛሬ ጀምሮ ጣሊያናውያን ናቸው ብለው ተናገሩ። በሕይወት የተረፉት ደግሞ፣ በወቅቱ የነበረው ሕግ ስለሚያስገድድ፣ ያለ ፈቃድ በመግባት ወንጀል ምርመራ ተከፈተባቸው፤ ቅጣቱም እስከ 5,000 ዩሮ የሚደርስ ነበር። አንድ ጀልባ፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ባሕር፤ የሰጠመው ዜጋ፣ የዋኘው ተጠርጣሪ። ሁለት ወንድማማቾች በዚያች ጀልባ አብረው ተሳፍረው ቢሆንና አንዱ ብቻ ዳር ቢደርስ፣ የአገር ሰው የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ያስቡት። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ለሞተው የሚያለቅስና የተረፈውን የሚከስስ አንድ መንግሥት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማኖር ከእርስዎ በቀር ማን ይችላል?

ዕድሜዎን ለመደበቅ አይሞክሩ። በ1751፣ ኋላ ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ወደ ፔንሲልቬኒያ የሚጎርፉት ጀርመኖች ቋንቋችንን አይለምዱም፣ እኛን ጀርመን ያደርጉናል ብሎ ሲሰጋ እርስዎ ነበሩ። (የብዙዎቹ ቆዳ ጠቆር ያለ ነው ብሎም ጽፏል፤ ስለ ጀርመኖች ማለቱ ነው፤ ስዊድኖችንም ጨምሯቸዋል።) በ1882 አሜሪካ የባቡር ሐዲዷን የዘረጉላትን ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ ስትከለክልም ነበሩ። ሀብታም ቤት ብቻ ይገባሉ ብሎ የሚያማዎ ቢኖር ሐሰት ነው። ጋና በኖቬምበር 1969 ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ሰዎች በሁለት ሳምንት እንዲወጡ አዘዘች፤ ከተባረሩት ብዙዎቹ ናይጄሪያውያን ነበሩ። የነዳጅ ገንዘብ የጎረፈላት ናይጄሪያ በተራዋ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ በጃንዋሪ 1983 ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰነድ የሌላቸው ሰዎች እንዲወጡ ወሰነች፤ ግማሽ ያህሉ ጋናውያን ነበሩ። በጥድፊያ ዕቃቸውን የከተቱበት፣ መረብ መሳይ ጠለፋ ያለው፣ ባለ መስመር የላስቲክ ሻንጣ እስከ ዛሬ በምዕራብ አፍሪካ «ጋና ይውጣ» ይባላል። «ወንድሞቻችን ናቸው፤ ግን» በሚል ርእስ ሐውልት ቢሠራልዎ ከዚያ ሻንጣ የተሻለ ቅርጽ አይገኝለትም።

አንድ ጊዜ ብቻ ዕረፍት ሲወጡ አይቻለሁ። የአውሮፓ ኅብረት በጦርነት ለተፈናቀሉ ሰዎች በጅምላ ጊዜያዊ ከለላ የሚሰጥ ሕግ በ2001 አውጥቶ በመደርደሪያ አስቀምጦት ነበር። በ2015 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በባሕር ሲገቡ መደርደሪያው አልተነካም። በማርች 2022 ዩክሬናውያን ሲመጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከፈተ፤ መኖሪያ፣ ሥራና ትምህርት ቤት አብረው ተፈቀዱ፣ ማንም እርስዎን አልጠራም። ለዩክሬናውያኑ በዝቷል ብዬ አልቀናም፤ እንዲያውም ያለ እርስዎ እንዴት አምሮ እንደሚሠራ ስላየሁ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ድፍረት ያገኘሁት።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ስለ ቤት እጥረት፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሞሉ የመማሪያ ክፍሎች የሚጨነቅ ሰው ሁሉ ክፉ ነው አላልሁም። አንድ ከተማ ስንት ሰው፣ በምን ፍጥነት፣ በማን ወጪ ሊቀበል ይችላል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የሚያስፈልገውም የጥያቄ ምልክት ነው። እርስዎ የጥያቄ ምልክት ስለማይከተልዎ እንደ መልስ ይቆጠራሉ፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውን ነገር «ከየት አገኘኸው?» የሚል የለም።

የራሴን ወገንም አልሸሽግልዎ። ስደተኛው ራሱ ወረቀቱ በደረሰው ማግሥት እርስዎን ከኪሱ ሲያወጣ አይቻለሁ፤ «እኛ ስንመጣ በሥርዓት ነበር፤ የዛሬዎቹ ግን» ይላል። ያኔ በሥርዓት ያልመጣበትን ጀልባ፣ የተሰበረውን ሞተር፣ የተደበቀበትን የጭነት መኪና የሚያውቁ ጓደኞቹ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ከእነርሱ አንዱ እኔ ነበርሁ።

ልመናዬ እንግዲህ ይህ ነው። ከሥራ ይሰናበቱ አልልም፤ ብዙ ሰው ያለ እርስዎ አፉን መክፈት አይችልም። ዛሬ የሚቆሙት ከርኅራኄ በኋላ፣ ከፍርድ በፊት ነው፤ አንድ ዓመት ብቻ ወደ ሌላው ጠረፍ ይዛወሩና ከፍርድ በኋላ፣ ከርኅራኄ በፊት ይቁሙ። ቃላቱ አይጨመሩም፣ አይቀነሱም። «ምስኪን ነው፤ ግን ያለ ቪዛ ገባ» የሚለው ሰው «ያለ ቪዛ ገባ፤ ግን ምስኪን ነው» ይበል። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጮክ ብለው ያንብቧቸውና ሰውየው በየትኛው መጨረሻ ላይ ውጭ እንደሚያድር ያዳምጡ። ዝውውሩ ምንም ወጪ የለውም፤ አበልም አይጠይቅም፤ ከእርስዎ በላይ ድንበር ያለ ፓስፖርት የለመደ ስለሌለም ችግር ይገጥመኛል አይበሉ። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለ«ነገር ግን» እና ለ«ይሁን እንጂ» ተልኳል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤ እንደ ወጉ ስሜን እስከ አያቴ ጽፌ ልፈርምበት ነበር፤ ግን ከባልደረባዬ ጋር ነገም የምንቀመጠው በአንድ ጠረጴዛ ነው።