የሚያክም እሳት ስንት ያስከፍል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ እየተሰበሰቡ የኒንጃ ጨዋታ የሚጫወቱ ጓደኞች አሉኝ። ስክሪን የለም። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌላው የራሱን ኒንጃ ፈጥሮ ይናገርለታል፣ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይወረወራል።

ሰሞኑን አንደኛው አዲስ ኒንጃ ይዞ መጣ። የእሳት ባለሙያ ናት፤ በእሳቷ ደግሞ ታክማለች። መዳፏ ላይ ነበልባል ታነሳለች፣ የቆሰለው ጓደኛዋ ላይ ታሳርፈዋለች፣ ላይፉ፣ ማለትም የቀረው የሕይወት ነጥቡ፣ ይሞላል፣ ብድግ ብሎ ወደ ውጊያው ይገባል። «ወዳጅን አያቃጥልም» አለ።

«ቆይ ቆይ» አለች ጤና ጣቢያ የምትሠራዋ። «ካላቃጠለ ምኑን እሳት ሆነ?»

«ልብ ወለድ እኮ ነው! ውሃ ላይ ሲሮጡ ዝም ብለሽ፣ እሳቱ ላይ ምን ነካሽ?»

«ውሃ ላይ ለመሮጥ ቻክራውን፣ የኒንጃውን የውስጥ ኃይል፣ እግርህ ሥር መሰብሰብ አለብህ። ትንሽ ከተዘናጋህ ትሰምጣለህ። ያንተ እሳት ግን ምንም አያስከፍልም።»

እሱም አልተሸነፈም። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ደም ሥር በሙቀት ይዘጋ የለም ወይ ብሎ ያዛት። ይዘጋል አለች፤ ግን የሚዘጋው ሥጋውን አቃጥሎ ነው። ከዚያ የአምብሯዝ ፓሬን ታሪክ አመጣች። እ.ኤ.አ. በ1537 ከፈረንሳይ ጦር ጋር የዘመተ ወጣት ሐኪም ነው። ያኔ የጥይት ቁስል መርዝ አለው ይባል ስለነበር የፈላ ዘይት ይፈስበታል። አንድ ቀን ዘይቱ አለቀበት። ቸገረውና የእንቁላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ተርፐንታይን (የዛፍ ሙጫ ዘይት) ቀላቅሎ የቀሩትን ቁስለኞች ቀባቸው። ሌሊቱን ተጨንቆ አድሮ በማለዳ ሲሄድ፣ ቅባቱ የደረሳቸው እንቅልፍ ወስዷቸው አድረዋል። ዘይት የፈሰሰባቸው ትኩሳት ይዟቸዋል፣ ቁስላቸው አብጧል።

ሌላው ጣልቃ ገባ። ጃፓኖች ራሳቸው እኮ በእሳት ያክማሉ አለ። እውነቱን ነው። የአሪቲ ዘመድ የሆነ ቅጠል አድርቀው፣ እንደ ጥጥ እስኪሆን ፈትገው፣ ቁንጥር ያህሉን ቆዳ ላይ አስቀምጠው ይለኩሱታል። ኦክዩ ይሉታል። ለሕመምና ለድካም ነው እንጂ የሰይፍ ቁስል አይዘጉበትም።

ይሄን ሁሉ የቤቱ ባለቤት ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። የመንዝ ሰው ናቸው። ሸሚዛቸውን ገለጥ አድርገው ደረታቸውን አሳዩን። ልጅ እያሉ ለሳል ተብሎ በጋለ ብረት ተተኩሰዋል። ጠባሳው ክብ ነው፣ ሳንቲም ያክላል፣ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ቆዳው ያብለጨልጫል።

«ተሻለዎት ታዲያ ጋሼ?»

«ሳሉማ ለቀቀኝ ልጆቼ። በተኩሱ ይሁን በጊዜው እንጃ። የሥጋዬ ሽታ ግን እስከ ዛሬ ካፍንጫዬ አልወጣም።»

የጤና ጣቢያዋ ልጅ ወዲያው፣ ደም የሚፈስ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ተይዞ ወደ ሐኪም ነው የሚኬደው አለች። ጓዳ ያሉት ልጆች ይሰሙን ነበርና ደግ አደረገች።

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ችሎታው ይሰረዝ ግን አልልም፤ በጣም ቆንጆ ሐሳብ ነው። ላይፍ መሙላቱ ነው ያበላሸው። እንደዚያ ከሆነ ማንም አያፈገፍግም፣ ማንም ጓደኛውን ተሸክሞ ጫካ ለጫካ አይሮጥም። የጨዋታው ደስ የሚለው ክፍል ደግሞ እሱ ነው።

ስለዚህ እሳቷ የሚፈሰውን ደም ብቻ ታቁም። የፈሰሰው አይመለስ፣ አጥንት አይጠገን፣ ላይፉም ባለበት ይቁም። የሚታከመው ላለመጮህ ዳይስ ይወርውር። ጠላት ከበላያቸው እየፈለጋቸው ገደል ሥር ተደብቀው ከሆነና ከጮኸ፣ ሁሉም ተያዙ ማለት ነው። ያኔ ታክመው ወይስ ደሙን ይዞ ይቆይ? ለዚህ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ብንቀመጥ አይቆጨኝም። ጠባሳውም የታከመው ኒንጃ ችሎታና ጉዳት የሚጻፍበት ወረቀት ላይ ይመዝገብ፤ መዳፉ ላይ ከሆነ ከዚያ ወዲህ ሰይፍ አጥብቆ አይይዝም።

የእሳቷ ኒንጃ ባለቤት ቢያንስ ሕመሙን ቀንሱልኝ እያለ እየለመነ ነው። የቻክራ ወጪውን መቀነስ ይቻላል። ሕመሙ ላይ ግን አልስማማም።