«ትገዛታለህ ወይስ ልታያት ነው?»

ካሜራን ሳይነኩ ግዛ የሚባለው ነገር አይዋጥልኝም። ጫማ እንኳ ለክተን፣ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደን ነው የምንገዛው።

በቅርቡ አዲስ አበባ ሄጄ የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ዲኤስኤልአሩን፣ ያቺን ሌንሷ የሚቀያየር ትልቅ ካሜራ፣ ሲገዛ አብሬው ዞርኩ። ቦሌ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባን። «ይቺን ላያት?» አለ ልጁ። ሻጩ «ትገዛታለህ ወይስ ልታያት ነው?» አይለውም! ሳያያት እንዴት ይወስን? «እሽግ ናት ወንድሜ፣ ከተከፈተች ዋጋዋ ይወርዳል።» ባትመቸውስ? ሰውየው መልስ አልሰጠም፣ ወደ ግድግዳው ጠቆመን። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።

ይባስ ብሎ ኒኮን ዲ3500ን ከአንዲት የድሮ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ሊያስይዘው ፈለገ። ዲ3500 ደግሞ ውስጧ ሌንሱን አዙሮ ምስሉን የሚያጠራ የፎከስ ሞተር የላትም። ያቺ የድሮ ሌንስ ከእሷ ጋር ስትገጠም በራሷ ፎከስ አታደርግም፣ ቀለበቱን በእጅ ማዞር ነው። ጀማሪ ይሄንን ከየት ያውቃል? ቤቱ ገብቶ ሊያውቅ ነው፤ ያኔ ደግሞ ግድግዳው አለ።

ኒውዮርክ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ቢ ኤንድ ኤች የሚባል ትልቅ ሱቅ አለ። ባለቤቶቹ ሰንበት ስለሚያከብሩ ቅዳሜ ዝግ ነው። የተሸጠው ዕቃ በቅርጫት ሆኖ ከራስህ በላይ ጣሪያ ጣሪያውን ሲሄድ ታያለህ። እዚያ ካኖንና ኒኮን ጎን ለጎን ሰጡኝ፣ ያዝኩ፣ አነጣጠርኩ፣ ጠቅ ጠቅ አደረግኩ። ማንም ፊቱን አላጠቆረብኝም።

አሜሪካም ቢሆን ጉድ አያጣም። ኢንተርኔት ላይ ካሜራዋን «ከሦስት ሌንስ ጋር» ብለው ይሸጡልሃል። ሁለቱ ሌንስ አይደሉም፣ ዋናው ሌንስ አፍ ላይ የሚጠመዘዙ ብርጭቆዎች ናቸው። ላዩ ላይ ደግሞ ንፋስ የሚጥለው ትራይፖድ ይመርቁልሃል። ግን ትመልሰዋለህ፣ ገንዘብህን ትቀበላለህ፣ አለቀ።

ወደ ቦሌ ልመለስ። ልጁ ራሱ ደግሞ ሜጋፒክስል ሜጋፒክስል እያለ አደረቀኝ፤ ፎቶው ስንት ሚሊዮን ነጥብ አለው ማለቱ ነው። የሠርግ ፎቶ አንሺዎች ስንት ድግስ የሠሩበት ካኖን 5ዲ ማርክ 3 እኮ 22 ሜጋፒክስል ነው። አሜሪካ ሬብል ቲ7፣ አውሮፓ 2000ዲ የሚሏት የጀማሪ ካሜራ 24 ናት። ታዲያ ርካሿ በለጠች? ልዩነቱ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ላይ፣ ፎከሱ ላይ፣ ሌንሱ ላይ ነው። ይሄን ስነግረው «ጋሼ፣ ትልቅ ካልሆነ እኮ ሰው አያከብርህም» አለኝ። ምን ይባላል!

መጨረሻ ላይ ያገለገለች 2000ዲ ከ18-55 ሌንሷ ጋር አገኘን። ባለቤቷ ራሱ አውጥቶ አስያዘን፣ ፎቶም አነሳንባት። ልጁ ወዲያው መንገድ ላይ ሊሞክራት አወጣት። አንድም ሕንፃ ሳያነሳ ጥበቃው «ክልክል ነው! ክተት!» ብሎ መጣ። አጠገባችን ሦስት ልጆች በስልካቸው ያንኑ ሕንፃ ያነሳሉ። «እነሱስ?» አልኩት። «እሱ ስልክ ነው» አለኝ። እኔ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ካሜራ ባለ 48 ሜጋፒክስል ነው፣ የልጁን እጥፍ! ልከራከረው ፈልጌ ነበር፣ ልጁ እጄን ይዞ ጎተተኝ እንጂ።