ሎሚውን ማን ገዛው?

«ወጥተናል፣ መንገድ ላይ ነን» የሚል ሰው ከጀርባው የሻወር ውሃ ሲንሿሿ ይሰማል። ገና አልፎ ጥምቀት እስኪገባ ባሉት ቀናት የላንጋኖ ሚኒባስ በር ላይ ተገትሮ የጠበቀ ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ማታ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ንቅንቅ የለም!» ተብሎ ተጽፏል። አሥራ አራት ሰው ላይክ አድርጎታል። ሲነጋ ግን ለብሳ፣ ተጫምታ፣ የፀሐይ ቅባቷን ተቀብታ ሳሎን ቁጭ ያለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ከዋሽንግተን 13 ሰዓት ገደማ በርራ የመጣችው እንግዳዋ እህት።

ጉብዝና እንዳይመስላችሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሏት ነው። በጥርና በታኅሣሥ በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል የ8 ሰዓት ልዩነት አለ። እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን የእሷ ሰውነት ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ እራት በልቶ ቴሌቪዥን ማየት ያምረዋል። ስለዚህ ሌሊቱን ሻንጣ ስትከፍትና ስትዘጋ ታድራለች። 12 ሰዓት ላይ ብትሳፈር ደህና ነበር፣ ለእሷ ገና ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ ዝዋይን በዓይኗ ታይ ነበር። ሚኒባሱ በተግባር የሚነሳው ግን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ ያ ደግሞ በእሷ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። ዱከም ሳይደረስ ግንባሯ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። አፏን ከፈት አድርጋ ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን ታልፋለች። «አገሬን ልይ» ብላ የአንድ ዓመት ፈቃዷን ሰብስባ የመጣች ሴት የስምጥ ሸለቆን የምታየው ሌላው በስልኩ ቀርጾ ሲያሳያት ነው። አክስት ደግሞ ከኋላ ወንበር «ምስኪን፣ አሜሪካ እንዴት አድርጎ አድክሟታል!» ትላለች። አሜሪካ ምን አደረገ? ያደከማት በሰዓቱ ያልደረሰው የጀሞው የአጎት ልጅ ነው።

የመዘግየቱ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ብልሃት አለው። ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ በቃሊቲ አድርጎ ቱሉ ዲምቱ ላይ ፈጣን መንገዱን ይይዛል። ዘመዶች ግን አንዱ ፈረንሳይ፣ አንዱ ኮተቤ፣ አንዱ ጀሞ ነው የሚኖሩት። አስተዋይ ቤተሰብ «ሁላችሁም ቃሊቲ ኑ» ይላል። የእኛ ቤተሰብ «እንግዳ ይዘን እንዴት በር ላይ ሳንደርስ?» ይልና ስድስት ቤት ይዞራል። በእያንዳንዱ ቤት 20 ደቂቃ ብትይዙ ሁለት ሰዓት ነው፤ በቤቶቹ መካከል ያለው መንገድ ገና አልተቆጠረም። ሃያ ደቂቃውን የሚበላው ሰው መጫን አይደለም። በሩ ይከፈታል፣ የቤቱ እመቤት ነጠላዋን እያጣፋች ብቅ ትላለች፣ ከዚያ፦

«ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም! ልጄን ዓይኗን ሳላየው?»

«እትዬ፣ ትናንት ማታ እኮ እኛ ቤት አብራችሁ ነበራችሁ።»

«ትናንት ሌላ፣ ዛሬ ሌላ! ውረጂ የኔ እናት፣ አንድ ስኒ ብቻ።»

አንድ ስኒ ማለት አቦል ነው። አቦል ጠጥቶ መነሳት ደግሞ ነውር ነው። ሹፌሩ የዚህ አገር ሰው ስለሆነ 12 ሰዓት ሲባል ፍርፍሩን በልቶ 1 ከሩብ ላይ ይመጣል፤ ቀድሞ በመድረሱም ይቆጨዋል።

ሹፌር ካነሳን፣ ኮንትራቱን ሲዋዋሉ ነዳጁን፣ የፈጣን መንገዱን ክፍያ፣ የሹፌሩን አልጋና ምግብ፣ ቆሞ የሚያድርበትን ቀን ማን እንደሚችል አስቀድሞ ያልጠየቀ ሰው ባቱ ላይ ይጠየቃል። ሰዉም በልክ ይሁን። እንደ ከተማ ታክሲ ያለው ሚኒባስ ከሹፌሩ ሌላ 11 ሰው ነው የሚይዘው። ግሩፑ ላይ ላይክ ያደረገው 14 ነው። ሦስቱ «እንጠጋጋለን» የሚባሉት ናቸው፤ የሚጠጋጉት ግን እነሱ አይደሉም። ጋቢና ለእንግዳዋ ተብሎ ይያዝና መጨረሻ ላይ መኪና የሚያቅለሸልሸው አጎት ይቀመጥበታል፤ እሷ በኋላ ጎማው ላይ ጉልበቷን አገጯ ሥር አድርጋ ትሄዳለች።

ሲጠጋጉ ሁልጊዜ የሚጠቀስ ተረት አለ፣ እኔም ከተረቶች ሁሉ የምወደው እሱን ነው፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»። እንዴት ያለ አባባል ነው! ለዕድር ብትለው ይሠራል፣ ለሠርግ መዋጮ ብትለው ይሠራል፣ ቤት ለፈረሰበት ጎረቤት ብትለው ይሠራል። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ጌጥነቱ በዓይን ይታያል፤ ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ አነጣጥሮ የሚወረውረው ያንኑ ሎሚ ነው። ዘንድሮ የሎሚን ዋጋ የሰማ ጎረምሳ በእርግጥ ሁለት ጊዜ ሳያስብ አይወረውርም፣ የሳተም እንደሆነ ሄዶ ያነሳዋል። ተረቱን ይህን ያህል ብወደውም ግን አንድ ነገር ዘሎብኛል። ሃምሳው ሰው ጌጡን ይዞ ቆሟል፣ ሸክሙም ተከፋፍሏል፣ እሰየው። ሎሚውን ማን ገዛው?

የላንጋኖን ሎሚ የምትገዛው እህት ናት። ማንም «አንቺ ክፈይ» አይላትም፣ እንዲያ ያለ ባለጌ እኛ ዘር ውስጥ የለም። ሒሳብ ሲመጣ ግን አንዱ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ አንዱ ስልክ ይደወልለታል፣ አንዱ ኪሱን በሁለት እጁ ይደበድብና «ቦርሳዬን ክፍል ትቼው!» ይላል። አንዱ ብቻ ከምር ይታገላል፤ እሱም የሚታገለው እንደማይለቀቅለት እርግጠኛ ስለሆነ ነው። ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ የዕለቱን የዶላር ምንዛሪ ከባንኩ ሠራተኛ ቀድሞ የሚያውቅ ዘመድ በየቤቱ አለ። «ለአንቺ እኮ ይሄ ምንም አይደለም፣ ስንት ዶላር ሆነ? አየሽ!» ብሎ አካፍሎ ያሳያታል። እሷ ያንን ዶላር የሌሊት ፈረቃ ሠርታ፣ አረጋዊ አጥባ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛ ሥራዋ ሄዳ እንዳገኘችው ማካፈያው ላይ አይወጣም።

እዚህ ላይ የቆየ ቂሜን ላውጣ። ምግብ ዝርዝሩ ላይ 1,000 ብር ተብሎ ይጻፍና ከገጹ ግርጌ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል፣ ሁለት የመደመር ምልክት ይቀመጣል። ፕላስ ፕላስ! መጀመሪያ 10 በመቶ የአገልግሎት ይደመርና 1,100 ይሆናል፤ ከዚያ 15 በመቶው ቫት በዋናው ዋጋ ላይ ሳይሆን በ1,100ው ላይ ይሰላና 1,265 ይሆናል። በ14 ሰው ብትሉት፣ በአእምሯችሁ 14,000 ያላችሁት ምሳ 17,710 ብር ሆኖ ይመጣል። የ3,710ሩ ብር ልዩነት ለ«እኛ እንከፍላለን» ባዩ ያጎት ልጅ የመጨረሻው ምት ነው፤ ቁጥሩን አይቶ ዝም ብሎ ወረቀቱን ወደ እህት ይገፋዋል። ሥነ ሥርዓት ያለው ቤት የሚቀምሰው ሰው የሚከፍለውን ዋጋ ቀድሞ ይጽፋል። የቤተሰብ ጉብኝት ያዘጋጀም ሰው አልጋ ሲይዝና ቀብድ ሲልክ «ታክስና ሰርቪስ ያካተተ ነው? ቁርስስ?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ። በስልክ የተባለ ነገር እንግዳ መቀበያው ላይ ማንም አያስታውሰውም።

«ምግብ ከቤት ይያዝ» የሚለው ወገን መፍትሔ ያገኘ ይመስለዋል። የገናው ዶሮ ወጥ ተርፏል፣ ለምን አይጫንም? አንደኛ፣ ትኩሱን ወጥ ከድኖ አራት ሰዓት ሙሉ በቆላ ሙቀት ያጓጓዘው ሰው ሲከፍተው አረፋ ያገኛል። ከምድጃ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ መከደን የለበትም። እንጀራውም ሳይበርድ ላስቲክ ውስጥ ከታጠፈ አልቦት ይጣበቃል፣ ሲያድር ይሻግታል። ሁለተኛ፣ ዶሮ 12 ብልት ነው፣ ተሳፋሪው 14። ሦስተኛ፣ በሪዞርቱ በር ላይ «ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ታፔላ አለ። ታፔላው ያለው ዘበኛ ጋ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ ድስቱን በሽታው ያውቀዋል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ቀረ፤ ግማሹ ይጾማል፣ የቀረው ግማሽ ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እስከ ምሽት ያቆየዋል።

ክርክሩ ሳያልቅ ሐይቁ ዳር ይደረስና ከሁሉ የሚያናድደኝ አረፍተ ነገር ይነገራል፦ «እንዴ፣ ውሃው ቆሻሻ ነው!» ቆሻሻ አይደለም። ላንጋኖ ቡናማ የሆነው ደቃቅ አፈር ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ነው፤ ዘንድሮ የመጣ ጉድ አይደለም፣ መልኩ ነው። ሰው ለዋና የሚመርጠውም ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው ተብሎ ስለሚታወቅ ነው፤ ጥርት ያለ የሚመስል ውሃ ሁሉ እንዲህ አይመሰከርለትም። ይህን የሚሉት ሰዎች ደግሞ ጎረቤቱ ያሉትን ሁለት ሐይቆች ለማየት አይነቃነቁም። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፣ ዳርቻው ላይ ፍል ውሃ ይፈላል። አብያታ በበኩሉ የቡልቡላ ወንዝ ውሃ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ ሶዳ አሽ የሚባለው ኬሚካልም ሲመረትበት ኖሮ ዓመት በዓመት ወደ ኋላ እየሸሸ ነው፤ ልጅ ሆና በትምህርት ቤት ጉዞ ያየችው እህት አሁን ብታየው አታውቀውም። ትይ ግን ማን ይወስዳታል? የአብያታ ሻላ ፓርክ በር አስፋልቱ ላይ ነው፣ ሰጎኖቹ ከበሩ ብዙም አይርቁም። የእኛ ጉዞ ግን ድምፅ ማጉያውን አሸዋው ላይ ተክሎ፣ አዲስ አበባ የሰማውን ዘፈን 200 ኪሎ ሜትር አምጥቶ መልሶ ይሰማል። ጠዋት ረጋ ብሎ የነበረውም ሐይቅ ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ይታወካል፤ ጀልባ የሚያምረው ጠዋት ነበር። ጠዋት የት ነበርን? ኮተቤ፣ ቶና ላይ።

አመሻሽ ላይ እህት የወባ ክኒኗን ስትውጥና አጎበሩን ስታስተካክል ይሳቅባታል። «አሜሪካ ሄዳ ትንኝ መፍራት ጀመረች!» የሚስቀው ሰው ከአዲስ አበባ ከሰባት መቶ ሜትር በላይ ወደ ታች መውረዱን ረስቶታል። ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች እንዳለች እህት ታውቃለች።

ይህ ሁሉ ቀልድ የሚሆነው እህት ከዋሽንግተን ስትመጣ ነው። ከጅዳ ወይም ከቤይሩት ስትመጣ አይቀለድም። የሁለት ዓመት ኮንትራቷን በሰው ቤት ጨርሳ፣ የራሷ በር ያለው ክፍል ውስጥ ሳትተኛ ከርማ፣ ለአንድ ወር የመጣችን ልጅ «ላንጋኖ መቼ ትወስጂናለሽ?» ማለት ድፍረት ነው። እሷን የሚወስዳት ነው መጠየቅ ያለበት። ለያቺ ልጅ በልኳ የሚሆን ዕረፍት ቢኖር በሯን ዘግታ፣ ማንም ስሟን ሳይጠራ እስከ 4 ሰዓት መተኛት ነው፤ እኛ ደግሞ ያንን ቀን ነው በ12 ሰዓት የምንቀሰቅሳት። ከዚያም ራሳችን እንቀራለን። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ነው፣ ባቦጋያ ዳር አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የዓሣ ጉላሽ፣ እሷና እናቷ ብቻ። አሥራ አራት ሰው ለምን ያስፈልጋል?

የ12 ሰዓቱን ነገር ሳልጨርሰው ቀረሁ መሰለኝ። ማታውኑ ሁሉም አንድ ቤት ይደር የሚሉ አሉ፤ ያኔ ደግሞ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ካርታ ይጫወቱና ጭራሽ አይነሱም። «11 ሰዓት» ብሎ ማታለልም ተሞክሯል፤ ቤተሰብ አይታለልም። ጥሎ መሄድ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱን ደግሞ ደፍሮ ያደረገው የለም።

የመመለሻውን ቀን ግን ማስተካከል ይቻላል። የዋሽንግተኑ በረራ ማታ ስለሆነ «ከላንጋኖ በቀጥታ ቦሌ» የሚል ዕቅድ የሚያወጣ አዋቂ አይጠፋም። አታድርጉት። የበዓል ማግሥት እሑድ ከሰዓት ሁሉም የሚመለሰው በዚያው መንገድ ነው፣ ሻንጣውም አልታሰረም። እያንዳንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው። ቤት ውስጥ የሰው ሚዛን ካለ መጀመሪያ ብቻችሁን፣ ቀጥሎ ሻንጣውን ታቅፋችሁ ተመዘኑና ቀንሱ። በርበሬና ሽሮ በሁለት ላስቲክ ተደርጎ አፉ በፕላስተር ይታሸግ፤ አለዚያ ነጭ ሸሚዟ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ ቀይ ነው። ቋንጣ አትጨምሩ፣ ሥጋ አሜሪካ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል። ሁሉም ተመዝኖ፣ 22 ኪሎ ተኩል ሆኖ፣ ዚፑ ከተዘጋ በኋላ አክስት ሁለት ኪሎ በርበሬ ይዛ ትገባለች። ለጎረቤቷ ልጅ ነው፤ ልጁ ዳላስ ነው የሚኖረው።

«እትዬ፣ ዳላስ እኮ ከእኔ በመኪና መንገድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።»

«እዚያው አሜሪካ አይደለሽ እንዴ?»