ድርጅቱ ነገ ቢዘጋ፣ በእጁ የሚቀረው ያንተ ምን ያህል ነው?

ባለፈው ሳምንት ማታ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። አሜሪካ ውስጥ በአንድ የጭነት ድርጅት 19 ዓመት የሠራ ሹፌር ነው። ፈረቃውን ጨርሶ፣ የራሱ መኪና ውስጥ ገብቶ፣ ሞተር ሳያስነሳ ነበር የደወለው።

«የዛሬውን ልንገርህ» አለኝ። «ጎማዬ አልቆ ጋራዥ አስገባሁት። አዲስ ጎማ የለም አሉኝ። ጥግ ላይ ከቆመ ትራክ ፈትተው ገጠሙልኝ። የቆመው ትራክ እኮ ጤነኛ ነው። ጭነት ስለጠፋ ነው የቆመው።» ትንሽ ዝም አለ። «ልውጣ ወይስ ልቆይ?»

ይህ ጥያቄ የእሱ ብቻ አይደለም። በዚህ አገር መሪ ጨብጠው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ከ2022 ወዲህ የጭነት ዋጋ ወርዶ ስንት ድርጅት በሩን ዘግቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሁሉም ሰው «ድርጅቱ ይተርፋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሹፌሩ ተቆጣጣሪውን ይጠይቃል፣ ተቆጣጣሪው የራሱን አለቃ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ በዚህ ጥያቄ እንቅልፍ ማጣት ዋጋ የለውም እላለሁ። መልሱ መጋዘን ውስጥ የለም። ተርሚናሉ (ጭነት የሚራገፍበትና የሚጫንበት ግቢ) ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያወራው ወሬ ነው።

የሎው የተባለውን ድርጅት ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1924 የተመሠረተ፣ ከአገሪቱ ትልልቅ የጭነት ድርጅቶች አንዱ ነበር። በ2003 ሮድዌይ የተባለ ሌላ የጭነት ድርጅት ገዛ። በ2005 ደግሞ ዩኤስኤፍ የተባለውን ጨመረ። ግዢው ከባድ ዕዳ ይዞበት መጣ። የ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲደርስ ዕዳው አንቆ ያዘው። በ2009 ሠራተኞቹ ደሞዛቸው በጠቅላላው 15 በመቶ እንዲቀነስ ተስማሙ። ለጡረታቸው የሚገባው መዋጮም ቆመ። በ2011 መዋጮው እንደገና ሲጀመር የድሮውን ሩብ ብቻ ነበር። በ2014 መጀመሪያ ላይ ቅናሹ እንዲራዘም ሲጠየቁ እምቢ አሉ። ወሩ ሳያልቅ ግን የተሻሻለውን ሐሳብ ተቀበሉ። በ2020 ደግሞ መንግሥት 700 ሚሊዮን ዶላር አበደረው።

ሰው እንዴት እንደሚቆይ ከዚህ ይገባችኋል። በየዓመቱ «ዘንድሮ አለቀለት» ይባላል። ዓመቱ ያልፋል፣ ድርጅቱ አለ። አምስት ጊዜ ሞተ ተብሎ ያልሞተ ድርጅት፣ ስድስተኛው ላይ ይሞታል ብሎ ማን ያምናል? በዚያ መሀል ልጅ ኮሌጅ ይገባል፣ የቤት ዕዳ ይከፈላል። የቆዩትን ሰዎች «ሞኞች ነበሩ» የሚል ሰው ስሰማ ያንገበግበኛል። ለአሥር ዓመት ልክ ነበሩ እኮ።

ከዚያ የ2023 ጁላይ መጣ። ድርጅቱ ወር አጋማሽ ላይ መክፈል የነበረበትን የጤናና የጡረታ መዋጮ አልከፈለም። ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የሠራተኞቹ ማኅበር ቲምስተርስ አድማ እመታለሁ አለ። ደንበኞች ዕቃችን መንገድ ላይ ይቀራል ብለው ፈሩና ጭነታቸውን ወደ ሌሎች ወሰዱ። አድማው ቀረ። ደንበኞቹ ግን አልተመለሱም። ጁላይ 30 ሥራ ቆመ። ኦገስት 6 ድርጅቱ ኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። ወደ 30,000 ሰው ከሥራ ወጣ። መዋጮው ከተቋረጠበት ቀን እስከ መዘጋቱ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የፈጀው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ወደ 130 የሚጠጉ ተርሚናሎች በ1.88 ቢሊዮን ዶላር ግድም ተሸጡ። የመንግሥት ብድር ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። መያዣ ያለው አበዳሪ ገንዘቡን አገኘ። ሳይነገረው የተዘጋበት ሠራተኛ የጠየቀው ካሳ ግን ወረፋ ያዘ። በሕጉ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከመዝጋቱ 60 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት። ሕጉ ግን የራሱ ቀዳዳዎች አሉት። ክርክሩም ዓመታት ወሰደ። ኒው ጀርሲ የነበረው የጭነት ድርጅት ጄቪክ በ2008 ሲዘጋ ሹፌሮቹ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ተነሡ። ሌሎቹ ገንዘብ ጠያቂዎች ተስማምተው ገንዘቡን ሲከፋፈሉ እነሱን ዘለሏቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 «ያለ ፈቃዳቸው ልትዘሏቸው አትችሉም» አለ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ።

ስለዚህ ለወዳጄ ያልኩት ይህን ነው። ይዘጋል አይዘጋም የሚለውን ተወው። ነገ ጠዋት በሩ ላይ ሰንሰለት ብታገኝ፣ ውስጥ የቀረ ያንተ ነገር ምን ያህል ነው? ይህን ዛሬ ማታ ቁጭ ብለህ መቁጠር ትችላለህ። ያልወሰድከው የዕረፍት ቀን አለ። ያልተከፈለህ ሳምንት አለ። የጡረታ መዋጮ አለ። የልጆችህ ሕክምና አለ። ይህ ሁሉ አንተ ለድርጅቱ ያበደርከው ገንዘብ ነው። ባንክ ሲያበድር መያዣ ይይዛል። አንተ ምንም አልያዝክም።

«ጡረታውማ ከደሞዝ ደረሰኙ ላይ ይታያል» አለኝ። ደረሰኙን ተወው አልኩት። ደረሰኙን የሚጽፈው ድርጅቱ ነው። የጡረታ ፈንዱ ጋ ደውልና የመጨረሻው መዋጮ የየትኛው ወር እንደሆነ ጠይቅ። የጤና ኢንሹራንሱንም እንደዚያው። የሎው ሊዘጋ ሲል የመጀመሪያው እውነተኛ ምልክት ይህ ነበር። አለቆች ስብሰባ ላይ የሚሉትን ማንም ይላል። ያልገባ መዋጮ ግን አያወላዳም።

ሰውን አስሮ የሚያስቀረውን ትልቁን ሰንሰለት ግን አላነሣሁም። ሲኒየሪቲ ነው፤ በአንድ ድርጅት በመቆየት የሚገኝ ቅድሚያ። ይህን ሥራ ያልሠራ ሰው ላይገባው ይችላል። የብዙ ደንበኛ ዕቃ አንድ ተሳቢ ላይ በሚጫንበት ሥራ፣ መስመርና ሰዓት የሚመረጠው በቆይታ ነው። 19 ዓመት የቆየ ቀን ይሠራል፣ ማታ ቤቱ ያድራል፣ አምስት ሳምንት ዕረፍት አለው። ሌላ ድርጅት በሄደ ማግስት ከዝርዝሩ ግርጌ ይጻፋል። ሌሊት ይሆናል። ሳምንቱን ሙሉ ለሥራ እስኪጠሩት ስልክ ጠባቂ ይሆናል። ገና ትናንት ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያወጣ ልጅ ከፊቱ ይመርጣል። ወዳጄ 54 ዓመቱ ነው። «በዚህ ዕድሜዬ ሌሊት ልጀምር?» ሲለኝ ድምፁ ተሰበረ። መልስ አጣሁ።

ቢሆንም ነገሩን አገላብጠን እንየው። ሲኒየሪቲ ዋጋ ያለው ድርጅቱ እስካለ ድረስ ነው። በተዘጋ ማግስት የ30 ዓመቱም የ3 ወሩም እኩል ነው። ከመዘጋቱ ስድስት ወር ቀድሞ የወጣው ሰው ግን በአዲሱ ቤት የስድስት ወር ቀዳሚ ነው። በየሎው መዘጋት ማግስት 30,000 ሰው ባንድ ሳምንት ሥራ ፍለጋ ወጣ። ሥራ ያገኙት ብዙ ናቸው። ግን አብዛኞቹ ከግርጌ ጀመሩ፤ ከነሱ በላይ ደግሞ ቀድመው የወጡት ጓደኞቻቸው ነበሩ።

አንዳንዱን የሚይዘው ደግሞ ይሉኝታ ነው። «ያስተማረኝ ቤት ነው፣ ሁላችን ከወጣን እኮ ይሞታል» ይላሉ። ይህ ስሜት ክቡር ነው። እኔም አውቀዋለሁ። ነገር ግን የሎው ላይ ዕዳውን የከመረው ሹፌሩ አልነበረም። ሹፌሩማ ከኪሱ 15 በመቶ ሰጥቶ አቆይቶታል። አንድ ሰው ለሚወደው ቤት ማድረግ የሚችለው ይህን ያህል ነው። ከዚያ በላይ የልጆቹ ነው።

ረጅም መስመር የምትሄዱ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ከቤታችሁ ርቃችሁ እያለ ድርጅቱ ሊዘጋ ይችላል። በ2009 ገና ሊከበር ቀናት ሲቀሩት አሮው ትራኪንግ ሲዘጋ የሹፌሮቹ የነዳጅ ካርድ መሥራት አቆመ። በ2019 ዲሴምበር ሴላዶን ሲዘጋም ያው ተደገመ። ሰውየው ማደያ ቆሞ ካርዱን ያስገባል፣ ማሽኑ ይመልሰዋል። ደግሞ ያስገባል። ስልክ የሚያነሳለት የለም። ድርጅታችሁ እያዘመመ ከሆነ፣ ቤት የሚያደርሳችሁ ገንዘብ ከራሳችሁ ኪስ አይጥፋ።

ሁሉም ይውጣ እያልኩ አይደለም። ጡረታው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ፈንዱም ጤነኛ የሆነ ሰው ቢቆይ አልፈርድበትም። እንዲያውም ልክ ሊሆን ይችላል። የቤት ዕዳ ያለበት የ30 ዓመት ወጣት ግን ምን ይጠብቃል? የሐዝማት (አደገኛ ዕቃ) እና የደብል (ሁለት ተሳቢ) ፈቃዱን ያሟላ። ሥራ ላይ እያለ ያመልክት። አመልክቶ ያገኘውን ሥራ አልፈልግም ማለት ይችላል። ከተዘጋ በኋላ ግን ይህ ምርጫ የለውም።

ወዳጄ ትናንት ደወለ። ፈንዱ ጋ ጠይቆ ነበር። የሁለት ወር መዋጮው አልገባም። ደረሰኙ ላይ ግን ሁሉም እንደተከፈለ ነው የሚያሳየው።

«ወሰንክ?» አልኩት።

«ገና ነው» አለኝ። «ግን ዛሬ ጠዋት አምስቱንም ሳምንት ዕረፍቴን ጠየቅኩ። አለቃዬ ቅጹን አይቶ ዝም አለ። ምንም አላለኝም። ፈርሞ ሰጠኝ። ከዚያ በሩን ዘጋና የራሱን ቅጽ አውጥቶ መሙላት ጀመረ።»