ውዳሴ ፕሮግራም

ፕሮግራሙ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ዕለት እናቴ ቡና አፈላች። ዕጣን ጨሰ፣ ፈንዲሻ ተበተነ፣ ጎረቤት ተጠራ። ነሐሴ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ በነሐሴ እንዴት እንደምትሆን የኖረባት ያውቃል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። እኛ ቤት ግን ሰርግ ነው። የእህቴ ልጅ አምስት ዓመት ፋርማሲ ተምሮ፣ የመውጫ ፈተናውንም ተገላግሎ፣ የቀረችው የሙያ ፈቃድ ፈተና ብቻ ናት፤ ልጆቹ «ሲኦሲ» የሚሏት። ለእሷ ማጥኛ ፕሮግራም አወጣ። ጎረቤቱ ተራ በተራ እየገባ አየ፤ «ይበል!» አለ። አንዲት ሴትዮማ እልልታውን አቀለጠችው። በእኛ ሰፈር አቆጣጠር ልጁ ያን ዕለት አልፏል።

እኔም መድኃኒት ሳድል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ያለ የእጅ ሥራ ግን አይቼ አላውቅም። አንድ ሙሉ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት፣ በማስመሪያ ተሰምሮ። ፋርማኮሎጂ በቀይ፣ ፋርማሱቲክስ በሰማያዊ፣ ሜዲሲናል ኬሚስትሪ በአረንጓዴ። ለፋርማኮቴራፒ ብርቱካናማ ማርከር ጠፍቶ ግማሽ ቀን ከተማውን ዞሯል። አራቱ ማዕዘን የተለጠፈው በቁስል ፕላስተር ነው፤ ሙያ ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው መስመር «10፡00 ሰዓት መነሳት» ይላል። በማግስቱ ልጁ ልክ 10 ሰዓት ላይ ተነሣ። የቀኑ 10 ሰዓት መሆኑን አንስቶ የሚከራከር ቢኖር ምቀኛ ነው።

ሒሳብ አይወድም የሚሉትም ያፍራሉ። የኩላሊት የማጣራት አቅም በኮክክሮፍትና ጎልት ቀመር እንዴት ይሰላል? ከ140 ላይ ዕድሜ ይቀነሳል፣ በክብደት ይባዛል፣ በደም ውስጥ የተለካው ክሬአቲኒን፣ ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ፣ በ72 ተባዝቶ በተገኘው ይካፈላል፣ ሴት ከሆነች ውጤቱ እንደገና በ0.85 ይባዛል። ይቺን ሁለት ጊዜ ጠይቄው ሁለቴም «እሷ ገና ናት» ብሎኛል። የአምስት ዓመት ማስታወሻ ለ180 ቀን ሲካፈል በቀን ስንት ገጽ እንደሚደርስ ግን ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሱት ይነግራችኋል። አንድ ቀን ሲያመልጠው ለ179 አካፈለ። ቀጥሎ ለ178። ያካፍላል እንጂ አይታክትም፤ አሁን ለ131 እያካፈለ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር መሆኑን ታውቃላችሁ፤ መጀመሪያ 2 ወር በአራት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር በሁለቱ፣ በሪፋምፒሲንና በአይሶናያዚድ። የእኛም ልጅ ነገር እንደዚያው 6 ወር ነው፤ 2 ወር ፕሮግራም ማውጣት፣ 4 ወር ፕሮግራም ማሻሻል። መድኃኒቱን እየጀመረ የሚያቋርጥ በሽተኛ ጀርሙን ያለማምደዋል፤ ከዚያ በኋላ የድሮው ክኒን አይነካውም። የልጁም ስንፍና ተላምዷል። የመጀመሪያው እትም ሦስት ቀን አስነብቦታል፣ ሁለተኛው አንድ ቀን ተኩል። ሦስተኛው ጭራሽ አልነካውም።

ስለ በዓላቱ ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። በ12 ሚካኤል ዕረፍት፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት ዕረፍት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 ባለወልድ። ዕድሜዋን ሙሉ ጾምና በዓል ስታከብር የኖረችው እናቴ እንኳ በጊዮርጊስ ጎመኗን ትቀነጥባለች፤ ልጁ ግን ገጽ አይገልጥም። ጳጉሜን ከነጭራሹ አልቆጠራትም፤ ወር አይደለችማ። እንቁጣጣሽ አለፈች፣ መስቀል አለፈ፣ «ጥቅምት ሲጠባ አየሩም ይከፈታል፣ ጭንቅላትም ይከፈታል» ተባለ። ጥቅምት ሲጠባ ሰኞ አልነበረምና ሰኞ ተጠበቀ። በረቡዕ ጥናት የጀመረ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እስከዚያው ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ያወርዳል። ቴሌግራም ላይ ያልገባበት የፈተና ግሩፕ የለም። የዚህ ዩኒቨርሲቲ ሾርት ኖት፣ የዚያኛው ወርክሺት፣ ያለፉት ዓመታት ጥያቄ ከነመልሱ፣ መልሱን የሚያርም ሌላ መልስ። ስልኩ ሞልቶ የእናቱን የሠርግ ፎቶ አጥፍቷል። አንድ ፋይል ወርዶ ሲያልቅ ፊቱ ላይ የሚታየውን እፎይታ ብታዩት፣ ምዕራፉን ጨርሶ የዘጋ ነው የሚመስላችሁ። «አገኘኸው?» ስለው «አለኝ» ይላል። አለው።

ምስኪኑ ግን የቆሎ ተማሪው ነው። እዚሁ ጎጃም፣ ዋሸራ ይሁን ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደበሎውን ደርቦ፣ ኮፈዳውን አንግቶ የሚውለው። ማርከር የለው፣ ሠንጠረዥ የለው። ቅኔውን ብቻውን ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። አጭሯ የቅኔ ዓይነት፣ ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ከሁለቱ አንዱ ከተሰበረበት ግን እዚያው፣ በጓደኞቹ ፊት፣ ይታረማል። በነጋታው ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ኤቢንግሀውስ የሚባል ጀርመናዊም በራሱ ጭንቅላት ላይ እየሞከረ፣ የሸመደድነው ነገር ደጋግመን ካልተመለስንበት እንዴት ቶሎ እንደሚጠፋ እ.ኤ.አ. በ1885 ጽፏል። ሁለቱም ባለ አራት ቀለም ማርከር ሳያዩ አለፉ፤ ምን ይደረግ። የእህቴ ልጅ ከነሱ የሚለየው መጽሐፉን ዘግቶ ራሱን ጠይቆ ባለማወቁ ነው፤ ራስን መጠየቅ ያሳፍራላ፣ አለማወቅን ያጋልጣል። ቅኔን እንደሆነ እሱም አላጣውም፤ ፕሮግራሙ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ጥናት፣ ወርቁ እንቅልፍ።

ደግሞ ከማን ይማር? አገሩ ሁሉ አቃጅ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ላስፈጽም ሄጄ፣ ግድግዳው ከጣሪያ እስከ ወለል በዕቅድ ተሸፍኖ፣ ጉዳዬን የሚያስፈጽመው ሰውዬ ግን «የሩብ ዓመቱን ዕቅድ ሊከልስ» ስብሰባ ገብቶ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ሰውዬው ሲኦሲውን በስንት ቀለም እንዳለፈው መጠየቅ ነበረብኝ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ከጓዳ ሦስት ዓይነት ክኒን በመዳፏ ይዛ ወጣች። ለደም ግፊቷ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ስትወስድ ቆይታለች፤ ሦስተኛው ጉልበቷን ሲቆረጥማት አይታ ጎረቤት የሰጠቻት ዳይክሎፌናክ ነው። እኔ ጋ አልመጣችም፤ ፋርማሲስቱ እዚያ ተቀምጦ አይደል። ወደ ልጁ ሄደች።

«ልጄ፣ ይችን ከነዚያ ጋር ልዋጣት?»

ልጁ ክኒኖቹን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ተነሥቶ በጣቱ መስመሩን ተከተለ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ፣ በተለይ በእሷ ዕድሜ፣ ኩላሊት ነው የሚመቱት። ዳይክሎፌናኩ ወደ ማጣሪያው የሚገባውን ደም ያጠብባል፣ ኢናላፕሪሉ መውጫውን ከፍቶ የማጣሪያውን ግፊት ያወርዳል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ደግሞ ፈሳሹን በሽንት ያስወጣል። እኔ ይህንን ከአፉ ልሰማ ቡናዬን አስቀምጬ ጠበቅሁ።

«እማማ፣ የመድኃኒት መስተጋብር ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው» አላት። «አሁን ገና ሁለተኛው ላይ ነን።»

ዳይክሎፌናኩን ከእጇ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። ልጁ ግን አያቱን እንዲሁ አልሸኛትም፤ ብርቱካናማውን ማርከር አነሣና በስድስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ «የእማማ ጉልበት» ብሎ ጻፈላት። እናቴ ማንበብ አትችልም። ጠጋ ብላ አየችውና «ያምራል» አለች።