ጠላት የሌለው ተረት

በጃፓን አፈ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ የአኒሜሽን ፊልሞችን ለልጆች እናሳይ ወይስ አናሳይ የሚለው ጥያቄ በወላጆች ዘንድ በተነሳ ቁጥር ሁለት ቅሬታዎች ተከታትለው ይመጣሉ። አንዱ «መናፍስት በዝተውባቸዋል» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ክፉው ሲሸነፍ አይታይም፤ ልጁ ታዲያ ምን ይማራል?» የሚል ነው። ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም፤ ልጁ የሚያየውን የሚመረምር ወላጅ ሊመሰገን ይገባዋል። እኔ ግን ሁለተኛው ቅሬታ ጉድለት ብሎ የሚቆጥረው ነገር የእነዚህ ፊልሞች ትልቁ ጸጋ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደዚያ እንደምል ለማስረዳት የጃፓን ተረት ቀደም ሲል ለምን ሥራ ውሎ እንደነበር ማስታወስ አለብኝ።

በጃፓን የሞሞታሮን ተረት የማያውቅ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ልጅ ያልወለዱ ሽማግሌና አሮጊት አሉ። አሮጊቷ ወንዝ ወርዳ ልብስ ስታጥብ አንድ ትልቅ ኮክ እየተንሳፈፈ ይመጣል፤ ሊበሉት ሲሉ ከውስጡ ወንድ ልጅ ይወጣል። ልጁ አድጎ ውሻ፣ ጦጣና የቆቅ ዘመድ የሆነ ወፍ አስከትሎ ቀንዳም ጭራቆች ወደሚኖሩበት ደሴት ይዘምታል። ድል አድርጎም ሀብታቸውን ጭኖ ይመለሳል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጃፓን ባሕር ኃይል ይህን ተረት አንስቶ ፊልም አሠራበት። እ.ኤ.አ. በ1943 በወጣው ፊልም ሞሞታሮ የባሕር ኃይል አዛዥ ሆኖ ቀርቧል፤ የጭራቆቹ ደሴት ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር የሆነው ፐርል ሃርበር ነው። በሚያዝያ 1945 የወጣው ተከታዩ ፊልም 74 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ የጃፓን የመጀመሪያው ሙሉ ርዝመት ያለው አኒሜሽን ነው። በጥበብ ደረጃ ሲታይ እጅግ ያማረ ሥራ ነው፤ ያ ነው የሚያስፈራውም። በመጨረሻው ትዕይንት ትናንሽ የእንስሳት ልጆች የአየር ወለድ ወታደር ጨዋታ ይጫወታሉ። ከዛፍ ላይ እየዘለሉ የሚያርፉት መሬት ላይ በተሣለ የአሜሪካ ካርታ ላይ ነው። ተረቱ ያው ነው፤ ኮኩ፣ ውሻውና ጦጣው ያው ናቸው። የተጨመረው ልጆች እንዲጠሉት የተመረጠ አንድ ሕዝብ ብቻ ነው።

ሞሞታሮን የራሷ አድርጋ የምትቆጥረው ከተማ ኦካያማ ናት። በሰኔ 1945 ኦካያማ በአሜሪካ አውሮፕላኖች በእሳት ስትደበደብ፣ ከቃጠሎው ሮጠው ከተረፉት ሕፃናት መካከል በኋላ የፊልም ዳይሬክተር የሆነው የዘጠኝ ዓመቱ ኢሳኦ ታካሃታ ነበር። በአምስት ዓመት ገደማ የሚያንሰው ሌላው ዳይሬክተር ሀያኦ ሚያዛኪም ያደገው ለጦር አውሮፕላን ክፍሎች ከሚያመርት ቤተሰብ ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1985 ስቱዲዮ ጂብሊ የተባለውን የአኒሜሽን ፊልም ድርጅት ካቋቋሙት ሰዎች ውስጥ ዋነኞቹ ናቸው። ፊልሞቻቸው ለሞሞታሮ የተሰጠ መልስ ናቸው ብሎ የነገረኝ የለም። ነገር ግን በጃፓን ተረት ልጆችን ለጦርነት ማነሳሳት እንደሚቻል ያየ ትውልድ፣ በዚያው ተረት ልጅን ከማያውቀው ፍጡር ጋር ጎን ለጎን ማስቆም መምረጡን ሳይ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ጎን ለጎን መቆም ያልሁት ለአባባል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው የሚያዛኪ ፊልም «ጎረቤቴ ቶቶሮ» ውስጥ በዝናብ የሚጠበቅ አውቶቡስ አለ። ታላቋ ሳትሱኪ እንቅልፍ የጣላትን ታናሽ እህቷን ሜይን አዝላ አባቷን ትጠብቃለች። ጨልሟል። ከጎኗ ቶቶሮ የተባለ አንድ ግዙፍ፣ ጸጉራም ፍጡር መጥቶ ይቆማል፤ ራሱ ላይ ያለው ቅጠል ብቻ ነው። ልጅቷ አትጮህም፤ ለአባቷ የያዘችውን ጃንጥላ ትሰጠዋለች። እርሱ በሕይወቱ ጃንጥላ ይዞ አያውቅምና ጠብታው ጨርቁን ሲመታ በሚወጣው ድምፅ ይደነቃል። የበለጠ ለመስማት ጓጉቶ መሬቱ እስኪናወጥ ይዘልላል፤ በዛፎቹ ላይ የተጠራቀመው ውኃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዘረገፋል። ሲሄድም በቅጠል የተጠቀለለ የዛፍ ፍሬ ስጦታ ይሰጣታል። ትዕይንቱ ይኸው ነው። አንድ ልጅ ከማያውቀው ነገር ጋር ተገናኝቶ ሲሰጥና ሲቀበል ከዚህ የተሻለ ያሳየ ፊልም አላየሁም።

በዚህ ፊልም ውስጥ ጠላት የሚባል የለም። ያለው ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ እናታቸው ታምማ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ልጆቹም ትሞትብን ይሆን ብለው ይሰጋሉ። ይህን ፍርሃት ማንም ጀግና በሰይፍ አይቆርጠውም፤ ቶቶሮም እናታቸውን አይፈውስም። ሜይ ጠፍታ መንደርተኛው ሁሉ ሲፈልጋት የሚያደርገው እህቷ የምትገኝበት ቦታ እንድትደርስ መርዳት ብቻ ነው። እህትማማቾቹ ዝናብ ሲይዛቸው የሕፃናት ጠባቂ ተደርጎ በሚታመነው የጂዞ ምስል መጠለያ ሥር ይገባሉ፤ ሳትሱኪ ግን ከመጠለሏ በፊት ምስሉን ፈቃድ ትጠይቃለች። አባታቸውም ልጆቹን ይዞ ግንዱ በገመድ ወደተከበበው ትልቁ ዛፍ ሄዶ፣ ልጁን ስለጠበቀለት ጎንበስ ብሎ ያመሰግናል። የአድባር ዛፍ ባለበት አካባቢ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«ስፒሪትድ አዌይ» በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ የሚታወቀው የ2001ዱ የሚያዛኪ ፊልም ደግሞ ጉዳዩን ወደ ሥራ ቦታ ይወስደዋል። የአሥር ዓመቷ ቺሂሮ ወላጆች ሰው በሌለበት ምግብ ቤት ያገኙትን ምግብ በስግብግብነት ሲበሉ ወደ አሳማነት ይለወጣሉ። እርሷም ዩባባ የተባለች ጠንቋይ በምታስተዳድረው የመናፍስት መታጠቢያ ቤት ተቀጥራ መሥራት ግድ ይሆንባታል። መታጠቢያ ቤቱ ከሰማይ የወረደ ፈጠራ አይደለም፤ በናጋኖ ተራራማ መንደሮች በብርድ ወራት በዓል ላይ ውኃ አፍልቶ አማልክቱን ለገላ መታጠብ የመጋበዝ የቆየ ልማድ አለ።

አንድ ምሽት በጭቃ የተለወሰ፣ ሽታው ምግብ የሚያበላሽ እንግዳ ይመጣል። ሠራተኛው ሁሉ ይሸሻል፤ ቺሂሮ ግን እንድታጥበው ትታዘዛለች። እጇን ጭቃው ውስጥ ስትሰድ ጎኑ ላይ የተሰካ ነገር ትነካለች፤ የብስክሌት እጀታ ነው። ገመድ ይታሰራል፤ የቤቱ ሠራተኛ በሙሉ ተሰልፎ ይጎትታል። ብስክሌቱን ተከትሎ ሰው ወንዝ ውስጥ የጣለው ቆሻሻ እንደ ጎርፍ ይፈስሳል። እንግዳው ጭራቅ ሳይሆን የታመመ የወንዝ አምላክ ኖሯል። ሚያዛኪ ይህን የጻፈው ከጎረቤቶቹ ጋር ወንዝ ሲያጸዱ ብስክሌት ጎትተው ያወጡበትን ቀን አስታውሶ ነው። ልብ በሉ፤ በሌላ ፊልም ይህ ፍጡር በመጀመሪያው አጋማሽ ተሸንፎ ይጠፋ ነበር። እዚህ የቀረበው ጥያቄ «ምን አሳመመው?» የሚል ነው፤ መልሱ ደግሞ የሰው እጅ ነው።

«ፊት አልባ» የተባለው ሌላው መንፈስም እንዲሁ ነው። ወርቅ እየበተነ ሠራተኞችን ሲውጥ ቤቱን ያሸብራል። ቺሂሮ ግን ለወላጆቿ ማዳኛ ይሆናል ብላ ያስቀመጠችውን መድኃኒት ታጎርሰዋለች። የዋጠውን ሁሉ ተፍቶ ሲወጣለት በባቡር ይዛው ትሄዳለች። በመጨረሻ በአንዲት አሮጊት ቤት ፈትል እየፈተለ ይቀራል። ብቸኝነት ያሳበደው ፍጡር ሥራና ቤት አገኘ። እንዲህ ያለ መፍትሔ በሕፃናት ፊልም ውስጥ ማየት ለእኔ ከማንኛውም ድል ይበልጥብኛል። ፊልሙ በበርሊን ፌስቲቫል የወርቅ ድብ፣ በ2003 ደግሞ ኦስካር አግኝቷል፤ እኔ ግን ስለ ሽልማቱ ብዙ ማለት አልፈልግም።

ክፋት የለም እያልሁ አይደለም። የዩባባ ውል ሰውን ስሙን ሳይቀር ይነጥቃል፤ የወላጆቹ ስግብግብነትም ዋጋ ያስከፍላል። ልዩነቱ ክፋቱ በአንድ ሰው ቆዳ ላይ ተለጥፎ ያ ሰው ሲገደል የሚያልቅ ነገር ሆኖ አለመቅረቡ ነው። በ1997ቱ የሚያዛኪ ፊልም «ልዕልት ሞኖኖኬ» መክፈቻ ወጣቱ አሺታካ መንደሩን ለማዳን አንድ ያበደ የከርከሮ አምላክ በቀስት ይገድላል። ማንም አይጨፍርም። የመንደሩ አሮጊት ጠቢብ ወደሚሞተው አውሬ ቀርባ ትሰግዳለች፤ እርሱ በወደቀበት መታሰቢያ እንደሚቆምለትም ትነግረዋለች። የገደለበት ክንድ ግን በእርግማን ይያዛል። ከርከሮውን ያሳበደው የብረት ጥይት ከእመቤት ኤቦሺ ብረት ማቅለጫ የመጣ ነው፤ ኤቦሺ ደግሞ ማንም የማይጠጋቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የምታስታምም፣ ከሴተኛ አዳሪ ቤት የተገዙ ሴቶችን ነፃ አውጥታ ሥራ የሰጠች ሴት ናት። ማንን እንጥላ?

ታካሃታ ከሚያዛኪ ይልቅ ደፋር ነው እላለሁ። በ1994ቱ ፊልሙ «ፖም ፖኮ» ውስጥ ታኑኪ የሚባሉት፣ በአፈ ታሪክ መልካቸውን ይለውጣሉ የሚባሉት የዱር እንስሳት፣ ከቶኪዮ በስተምዕራብ ያለው የታማ ኮረብታ ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ሲታረስባቸው ይታገላሉ። ሙሉ ኃይላቸውን አሰባስበው የአፈ ታሪክ መናፍስትን ሁሉ በከተማው ጎዳና ላይ ያሰልፋሉ። ሰዎቹ ግን አይደነግጡም፤ በደስታ ያያሉ፤ አንድ የመዝናኛ ፓርክም ትርዒቱ የእኔ ነው ብሎ ምስጋናውን ይወስዳል። የታማ አዲስ ከተማ በእውኑ ዓለም አለች፤ ሰው ይኖርባታል። በዚህ ፊልም ደጋግ ፍጡራን ተሸንፈዋል፤ ያሸነፋቸው ቤት የሚፈልግ ተራ ሰው ነው። ይህን ለልጅ መናገር ቀላል አይደለም፤ ውሸት ግን አይደለም። ታካሃታ በ2013 ባወጣው በመጨረሻው ፊልሙ፣ በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ተረት ላይ በተመሠረተው «የልዕልት ካጉያ ተረት» ደግሞ፣ ከቀርከሃ ውስጥ የተገኘችውን ልጅ ሊወስዱ ከጨረቃ የሚወርዱት ፍጡራን ደስ የሚል ዜማ እየተጫወቱ ይመጣሉ። ወታደሮች ቀስት ይወረውራሉ፤ ፍላጻው አበባ ይሆናል። ሊዋጉት የሚችሉት ጠላት የለም።

ወደ መጀመሪያው ቅሬታ ልመለስ። በእምነታቸው ምክንያት መናፍስት የሚታዩበትን ፊልም የማይወዱ ወላጆች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እነዚህ ፊልሞች ልጁን ለማንም ስገድ አይሉትም፤ የአንድን ሕዝብ እምነት በዚያ ሕዝብ ቤት ውስጥ ያሳያሉ። ወላጅ አጠገቡ ተቀምጦ «እነርሱ እንዲህ ያምናሉ፤ እኛ እንዲህ እናምናለን» ቢል ልጁ ይገባዋል። መናፍስቱ ሁሉ በሰይጣን አምሳል ተስለው በመጨረሻ የሚጠፉባቸውን ፊልሞች ግን ብዙ ወላጆች ያለ ሐሳብ ይከፍታሉ። እነዚያ በእኔ ዓይን የበለጠ አሳሳቢ ናቸው፤ ልጁ የማያውቀውን ሁሉ ከመጠየቁ በፊት መምታት ይለማመድባቸዋልና።

እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አብዛኞቹ የጂብሊ ፊልሞች ከጃፓን፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጪ ባሉ አገሮች በኔትፍሊክስ ስለሚገኙ፣ በአውሮፓም በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ላሉ ወላጆች ሩቅ አይደሉም። ገና ትምህርት ቤት ላልገባ ልጅ ቶቶሮ ይበቃል። የቺሂሮ ወላጆች አሳማ የሚሆኑበት ቦታ ትንንሾችን ያስለቅሳልና ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እስኪሞላቸው ቢጠበቅ መልካም ነው። «ልዕልት ሞኖኖኬ» እጅና አንገት የሚቆረጥበት ፊልም ነው፤ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ይቆይ። «ፖም ፖኮ»ንና ካጉያን ግን ልጅን ብቻውን አስቀምጦ ማሳየት አይገባም፤ ሲያልቁ የሚመጡት ጥያቄዎች ትልቅ ሰው ይፈልጋሉ።