ቀኝ ይዛችሁ ሂዱ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ በሳይክል ከመገጨት ለጥቂት ተረፈች። ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ውስጥ ነው፤ ደብሊው ኤንድ ኦዲ (W&OD) ትሬል በሚባለው የእግረኛና የሳይክል መንገድ ላይ፣ ትሬሉ የኮሎምቢያ ፓይክን የመኪና መንገድ ከሚያቋርጥበት ብዙም ሳንርቅ።

አክስቴ ከድሬዳዋ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። ልጇ ወልዳ አራሷን ልትንከባከብ ነው የመጣችው። ጉልበቷን ስለሚያማት ሜዳ መንገድ ላይ ወክ እናድርግ ብዬ ይዣት ወጣሁ። እሷ፣ ጋሪ የምትገፋው ልጇ፣ አንዲት ጎረቤታችንና እኔ ነን። አራታችንም ጎን ለጎን ሆነን ወሬያችንን ይዘናል። አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተነዋል።

ከኋላ አንድ ሰው «ኦን ዩር ሌፍት!» ብሎ ጮኸ። አክስቴ ከጩኸቱ የለየችው «ሌፍት» የምትለዋን ብቻ ነው። እሷን ታውቃታለች። ወደ ግራ ሂጂ የተባለች መሰላትና ወደ ግራ ዘለለች። ልክ ሳይክሉ ሊያልፍበት ወደነበረው ቦታ። ሰውዬው ፍሬን ሲይዝ የጎማው መንሸራተት ተሰማኝ። የነጠላዋ ጥለት የሳይክሉ መሪ ላይ ተጠመጠመ። እሱ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ «ሶሪ፣ ሶሪ» ይላል። እሷ ጥለቱን ከመሪው እያላቀቀች ወደ እኔ ዞራ «ምን አጠፋሁ ልጄ?» ትለኛለች።

እሷ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እዚህ አገር ከአሥር ዓመት በላይ ኖሬ፣ ያንን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበት፣ ከቤት ስንወጣ አንዲት ቃል አልነገርኳትም። እኔው ራሴ ነኝ መንገዱን ዘግቼ ስሄድ የነበርኩት።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ እናንተ በአርሊንግተን፣ በፎልስ ቸርች፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በስተርሊንግ የምትኖሩ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

መንገዱን ሁላችንም «ትሬሉ» እንለዋለን እንጂ ከየት እንደመጣ ብዙዎቻችን አናውቅም። የባቡር መንገድ ነበር። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ፣ የብሉ ሪጅን ተራሮች ተሻግሮ፣ የድንጋይ ከሰል ወዳለበት አገር ሊደርስ ታስቦ ነበር። ተራራውን ሳይሻገር ቀረ። እንዲያም ሆኖ ከመቶ ዓመት በላይ ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ ቆይቶ በ1968 ተዘጋ። ሐዲዱ ተነቀለ። መሬቱ በመብራት ኩባንያ እጅ ገባ፤ ዛሬም ቀና ብትሉ ሽቦው አናታችሁ ላይ ነው። በ1974 ፎልስ ቸርች ውስጥ የመጀመሪያዋ ቁራጭ ለእግረኛና ለሳይክል ተከፈተች። በ1988 አስፋልቱ ፐርሰልቪል ደረሰ። ከመነሻው ከሸርሊንግተን እስከዚያ 45 ማይል ማለት ነው።

ይህን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ባቡር ዳገት አይችልም። ሐዲድ የሚዘረጉ ሰዎች ኮረብታውን ይቆርጣሉ፣ ጎድጓዳውን ይሞላሉ፣ መታጠፊያውን ያለዝባሉ። መንገዱ ለአክስቴ ጉልበት የተመቻት በዚሁ ምክንያት ነው። ለሳይክለኛውም የተመቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ለጥ ያለ፣ ቀጥ ያለ ስለሆነ ይከንፍበታል። ሰው በሳይክል ሥራ ገብቶ የሚወጣበት መንገድ ነው። አስፋልቱ ደግሞ በአብዛኛው ቦታ ከአሥር ጫማ ብዙም አይሰፋም። ፎልስ ቸርች ውስጥ ለእግረኛ ለብቻ፣ ለሳይክል ለብቻ የተለየበት ቦታ አለ። እዚያም እያየን በሳይክሉ በኩል የምንሄድ አለን።

አክስቴን እንድትረጋጋ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ እዚህ ድሮ ባቡር ያልፍ ነበር ስላት መሬቱን ትክ ብላ አየችው። የባቡር ከተማ ልጅ ናት። «እኛ'ኮ ሐዲድ ዳር ስንሄድ ጆሯችን ኋላችን ነበር» አለችኝ። «ድምፅ ስንሰማ ወርደን እንቆማለን። የዚህን ግን ማን ነገረኝ?»

ማን ይንገራት? እኛ ነን እንጂ።

«ኦን ዩር ሌፍት» ማለት ወደ ግራ ሂድ ማለት አይደለም። በግራህ በኩል ላልፍ ነው፣ አንተ ባለህበት ሁን ማለት ነው። ይህን ስትሰሙ አትዝለሉ። ዞራችሁም አትቁሙ። ቀኛችሁን ይዛችሁ ቀጥሉ። የደወል ድምፅም ትርጉሙ ያው ነው። ከሁለት በላይ ሆናችሁ ጎን ለጎን አትሂዱ። ናፍቆት እንዳለ፣ ወሬው እንደሚጥም አውቃለሁ። ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ሆኖም ይወራል። ቆማችሁ መጨዋወት ካማራችሁ፣ ወይም ስልክ ከተደወለ፣ ሣሩ ላይ ውጡ። ሰላምታችን ረጅም ነው፤ ጉንጭ ለጉንጭ እየተሳሳሙ መሀል አስፋልት ላይ መቆም ግን አደጋ ነው።

መዝሙርም ሆነ ዘፈን የምትሰሙ፣ አንዱን ጆሯችሁን ክፍት ተዉት።

ውሻም አለ። ብዙዎቻችን ውሻ እንፈራለን፣ ይህ ነውር አይደለም። ችግሩ ከፊት ውሻ ሲመጣ ኋላችንን ሳናይ ወደ ግራ መሸሻችን ነው። እዚያም ሳይክሉ አለ። ውሻው ይታሰር እንጂ ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ከሸሻችሁ ግን በቀኝ ወደ ሣሩ ሽሹ።

መሪ ለጨበጣችሁም ቃል አለኝ። ከእኛ ውስጥ ታክሲና ኡበር የሚሠራው ብዙ ነው። ትሬሉ የመኪና መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ እግረኛ ዜብራው ውስጥ ከገባ የቨርጂኒያ ሕግ ቁም ይላል። ፍጥነት ቀንሶ ማለፍ አይደለም፣ መቆም ነው። ተሳፋሪ እየጠበቀህ ይሆናል ወንድሜ፤ ጋሪ የምትገፋዋም እህትህ ናት።

«ሳይክለኞቹስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ለእግረኛ ቅድሚያ መስጠት ያለባቸው እነሱ ናቸው። ደወል የሌለው አለ፣ ድምፅ ሳያሰማ በጆሮህ ሥር ሽው የሚልም አለ። እነሱን የሚቆጣ ከመሀላቸው ይነሳ። እኔ የመጣሁት ወደ እናንተ ነው፣ ምክንያቱም እዚያ አስፋልት ላይ የምትወድቀው የእኛ እናት ናት። የሰባ ዓመት ዳሌ ከተሰበረ በኋላ «ቅድሚያ የእሷ ነበር» መባሉ አያስነሳትም።

በዚህ ተደናግጣችሁ ደግሞ ወላጆቻችሁን ቤት እንዳትዘጉባቸው። ልጅ ሊያሳድጉ ብለው መጥተው አራተኛ ፎቅ ላይ ከቴሌቪዥን ጋር የሚውሉ እናትና አባቶች ሞልተዋል። ስኳሩም ደም ግፊቱም እዚያው ይብስባቸዋል። ዛፍ ጥላ ያጠላበት፣ ወንዝ አጠገቡ የሚሄድ፣ በነፃ የሚገባበት መንገድ በደጃቸው አለ። አውጧቸው። ግን አስተምራችሁ አውጧቸው።

ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ሞክሩት። እማማን ወይም አባባን ሳሎን ውስጥ ከበሩ ወደ መስኮቱ እንዲሄዱ አድርጉ። ከኋላቸው ሁኑና ጮክ ብላችሁ «ኦን ዩር ሌፍት!» በሏቸው። ወደ ግራ ከሄዱ ቀስ ብላችሁ አስረዱና እንደገና ከበሩ ጀምሩ። ሳይደነግጡ ቀኛቸውን ይዘው መስኮቱ ጋ እስኪደርሱ ድረስ።